ሰርዶ የሰፋው ሐዲድ

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ እኔ ደግሞ ባቡር ገባ ብዬ ተነሣሁ።

ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። ዘልዬ ያልኩት ለወጉ ነው፤ ጉልበቴን በሁለት እጄ አቅፌ ነው የወረድኩት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የድሮ የባቡር ሠራተኛ ኮፍያዬን ደፋሁ፤ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ጤዛ ባረጠበው መሬት ላይ አድርጌ ግቢ ወጣሁና ቀኝ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ቆምኩ። ድሬዳዋ እያለን ፉርጎ ወደ ጋራዡ ሲገባ እንዲህ ነበር የምንቆመው። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። እኔም እጄን ይበልጥ ዘረጋሁ። በግቢዬ ካለፈው ሰኔ ወዲህ ባቡር ይቅርና የተዘረጋ ሐዲድ የለም፤ ይኸ ትዝ ያለኝ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ለቅሶው እየሄደ ነበር።

«ማንን ልታሳልፍ ነው፣ ጌታው ሹፌር?»

«ማን ሞተ?» አልኩት፣ ራሴን የማክ አስመስዬ እጄን እያወረድኩ።

«ታችኛው መንደር ነው፤ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያህን አውልቅና ና። እንዲህ ሆነህ ከሄድክ ሬሳውም ይስቅብሃል።»

አወለቅኩና ሄድኩ። እዚያ ድንኳኑ ሰፊ ሜዳ ላይ እንደ ልብ ተዘርግቷል፤ ሰው ተደላድሎ ተቀምጧል። ሌላው ሟቹን ሲያስብ እኔ የድንኳኑን ምሰሶ ሳይ ዋልኩ። እኅቴ ትዝ ብላኝ ነው። ከቀብር ተመልሼ፣ እግሬን ሳልታጠብ ይችን የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው።

ጎረቤቴ ሹፌር የሚለኝ ሊያሽሟጥጠኝ ነው። ባቡር ነድቼ አላውቅም። ከላስታ የወጣሁት ጢም ሳላበቅል ነው፤ ድሬዳዋ ወርጄ የባቡር ጋራዥ ገባሁና ዕድሜዬን ፉርጎ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ግራሶ ስቀባ ጨረስኩ። አሮጌው ባቡር ሲቆም ወደ አገሬ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ «ባቡር ሲነዳ የኖረ» ብሎ ተቀበለኝ። እኔም ማረም ሰለቸኝ። ማረም ሰለቸኝ እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር አንድ ቀንም አላረምኩም።

የአባታችን ቤት ላሊበላ ዳገቱ ላይ ነው። ግቢው ቁልቁለት ነው፤ ውሃ ቢደፉበት ታች ያለው ሰው ደጅ ይደርሳል። አባታችን በድንጋይ ደግፎ፣ አፈር በጀርባው ተሸክሞ ያስተካከላት አንዲት ሜዳ ብቻ አለች። እህል የሚሰጣው እዚያች ላይ ነው፤ ማኅበር የሚበላው፣ ሠርግ የሚደገሰው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው እዚያችው ላይ ነው። በእኛ አገር ሜዳ የሌለው ግቢ ግቢ አይባልም።

እኔ ሐዲዱን የዘረጋሁት እዚያች ሜዳ ላይ ነው።

ቤቱ ውስጥ የጠበቀችኝ ታላቅ እኅቴ ነበረች። ሙጃ የሚባል ሩቅ አገር ተድራ፣ ባሏን ቀብራ፣ ልጅ ሳታስቀር ተመልሳ ቆብ የደፋች። ሰው ሁሉ «እማሆይ» ይላታል። እኔ ግን «እትዬ» ነበር የምላት፤ ስታበሳጨኝ ብቻ «እማሆይ፣ እርስዎ» እላታለሁ። እሷ ደግሞ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «አንተ ውርጋጥ» ነበርኩ። ጥርሴ ግማሹ ረግፎ፣ ፀጉሬ ጨርሶ ሸሽቶኝ፣ ውርጋጥ።

ሐዲዱን ያስጀመረኝ ሥራ ማጣት ነው። ጦርነቱ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ቀረ። ሆቴሎቹ በራቸውን ዘጉ፤ ከተመለስኩ ወዲህ በዘበኝነት የምጠብቀው ሆቴልም ሲዘጋ የሚጠበቅ ነገር አጣሁ። መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ቅርሳ ቅርስ የሚሸጡት ልጆች አገር ለቀው ሄዱ፤ መንገዱ ላይ የሚሰማው የራስ ኮቴ ብቻ ሆነ። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጠን ዳገቱን እናያለን። እኅቴ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፤ እኔ እሷን እቆጥራለሁ፤ አንድ ብዬ እጨርሳለሁ።

አንድ ቀን ከከተማው ዳር ፎቅ ጀምሮ የተወው ሰውዬ የተረፈውን ቀጭን ቶንዲኖ «ከሚዝግ ውሰደው» አለኝ። ብረት በነጻ እምቢ ማለት አልችልም። ተሸክሜ መጣሁና ሁለቱን ጎን ለጎን መሬት ላይ ጣልኳቸው። ቀና ብዬ ሳይ ሐዲድ መሰሉኝ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለበትም።

ከሥር የሚገባውን አግዳሚ ከወይራ ጉማጅ ቆረጥኩ፤ ብረቱን በሽቦ ጠፈርኩበት። በሁለቱ ብረት መካከል ያለው ስፋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ካልሆነ ባቡር ይወድቃል። ለመለኪያ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ስፈልግ የእኅቴን የወጥ ማማሰያ አገኘሁና ልክ እንዲሆን ጫፉን ቆረጥኩት። እሷ ማማሰያዋን ስትፈልግ ሰንብታ አንድ ቀን እጄ ላይ አየችው።

«ቁመቱን ምን በላው?»

«ያረጀ ነገር ያጥራል፣ እትዬ።»

«አንተ ግን አላጠርክም» አለች፤ ድስቱንም በዚያው አማሰለች።

ባቡሯን ከየትም ለቃቅሜ ሠራኋት። ሞተሯ የሞተ ሚኒባስ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ ባትሪዋ የባጃጅ፤ ገላዋ የዘይት ቆርቆሮ። እግሯን ከኩሽኔታ ሠራሁት፤ ሐዲዱን እንዳትለቅ ከእያንዳንዱ ኩሽኔታ ጎን ሰፋ ያለ ክብ ቆርቆሮ አጣበቅኩበት። ባትሪዋን በትንሽ ሶላር እሞላለሁ፤ ስለዚህ ፀሐይ ከሌለ ባቡር የለም። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ክንድ ያህል እንደ ንግሥት ተራመደችና ጠመዝማዛው ላይ ስትደርስ ሐዲዱን ትታ ጎመን መደቡ ውስጥ ገባች።

«ምነው፣ ጎመን አማራት?» አለች እኅቴ።

ከዚያ በኋላ ማሻሻል ሆነ ሥራዬ። ጠመዝማዛውን አሰፋሁ። የውጭውን ብረት ከውስጡ በጥቂቱ ከፍ አደረግኩ፤ ድሬዳዋ መሐንዲሶቹ ሲነጋገሩ ፉርጎ ሥር ተኝቼ የሰማሁት ነው። ወጥ ቤቱ ጋ ከድንጋይ ትንሽ ጣቢያ ሠራሁና በጎረቤት ከተማ ስም ኩልመስክ አልኩት። እኅቴ የምትቀመጥበት በር ፊት ያለውን ሙጃ አልኩት።

«ሙጃ እንዲህ ቀርቦ ቢሆን ባሌን ጥዬ በየሳምንቱ እመጣ ነበር» አለች።

ከሜዳዋ ጫፍ ከመሬቱ ጋር የተወለደ ቀይ አለት አለ። ባቡሯን እላዩ ላወጣት ፈለግኩ። መሮና መዶሻ ይዤ ጎኑን እየጠረብኩ መንገድ ቀደድኩላት፤ አንድ ቦታም አለቱን በስቼ አሳለፍኳት። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ሆኖ አየኝ።

«አሥራ ሁለተኛውን ልትፈለፍል ነው?»

እኅቴ አማተበች። «በቅዱሱ ሥራ አትሳለቁ፣ እናንተ ከንቱዎች!» አለች፤ ፊቷን ግን በነጠላዋ ሸፈነች። ሳቋን ነው የሸፈነችው።

አለቱ አናት ላይ የሠራሁትን ጣቢያ አሸተን ማርያም አልኩት። እኅቴ በየበዓሉ አሸተን ትወጣ የነበረች ሰው ናት፤ ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ከበሩ ሆና ወደ ተራራው አንጋጣ ማየት ብቻ ቀርቷት ነበር።  አንድ ጠዋት ከባቡሯ ኋላ የቀጠልኩት ፉርጎ በሯ ላይ ሲቆም አንዲት ጧፍ አስቀመጠችበት።

«እስቲ አድርስልኝ።»

ባቡሯ ዳገቱ ግማሽ ላይ ስትደርስ እግሯ በባዶ ይሽከረከር ጀመር። ቆመች፤ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

«ኃጢአቴ ከብዷት ነው» አለች እኅቴ።

ቀልድ ነበር፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። እኔ ያን ቀን ምሳም አልበላሁ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቀለበት ቀለበት እየቆረጥኩ የባቡሯን እግር ጎማ አለበስኩት፤ ከላይ ድንጋይ ጫንኩባት፤ ዳገቱን እንደገና ጠርቤ አለዘብኩት። ከብዙ ሙከራ በኋላ ጧፏን ይዛ ወጣች። «ደረሰች?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ዓይኗ ያን ያህል ርቆ አያይም ነበር። «ደርሳለች፣ እትዬ» አልኳት። መቁጠሪያዋን አንሥታ ጸሎቷን ቀጠለች።

ድንኳኑን ያነሣችው ከአንድ ለቅሶ ስንመለስ ነው። በር ላይ ቆማ ሜዳዋን ዞር ብላ አየች፤ ሐዲድ፣ ጣቢያ፣ ድልድይ፣ አንድ ጋቢ የሚዘረጋበት ቦታ አልተረፈም።

«እኔ ስሞት ድንኳኑን የት ሊተክሉት ነው? ኩልመስክ ላይ?»

«አንቺ እኮ ቆብ የደፋሽ ዕለት ግንዘቱ ተደግሞልሽ ሞተሽ ጨርሰሻል። ስንት ጊዜ ነው የምንቀብርሽ?»

«ድንኳኑ ለእኔ መሰለህ? ለሚመጣው ሰው ነው።» ቁጭ አለች። «የስንቱ ግቢ ተቀምጬ አልቅሻለሁ! የስንቱን ንፍሮ በልቻለሁ! እነሱ በተራቸው ሲመጡ ቆመው ይመለሱ? ዝናብ ይምታቸው? ልጅ የለኝም፤ ማን ይቀመጥልኛል እነሱ ካልተቀመጡልኝ?»

  እኅቴ በዚህ ዓለም የሚያሳስባት ይኸው ብቻ ነበር፤ የሚያለቅስላት ሰው መቀመጫ ማግኘቱ። መቀመጫውን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በመጫወቻ።

በማግስቱ ሐዲዱን በሙሉ ፈታሁት። እንደገና ሠራሁት፤ አንድ ሰው ብቻውን ማንሣት በሚችለው ልክ ቁራጭ በቁራጭ። እያንዳንዱን ከቀጣዩ ጋር በመንጠቆ አያያዝኩት፤ መንጠቆውን ገልበጥ ሲያደርጉት ይለቃል። ጣቢያዎቹም ተነሺ ሆኑ። ሲያልቅ እኅቴን በር ላይ አስቀምጬ «ውዳሴ ማርያም ጀምሪ» አልኳት። እሷ ስትደግም እኔ እየሮጥኩ (እሺ፣ እያነከስኩ) እያንዳንዱን እያነሣሁ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ሳትጨርስ ሜዳዋ ባዶ ሆነች። ከአለቱ በቀር ምንም አልቀረም፤ አለቱን የሠራው ደግሞ ሌላ ነው።

ሜዳዋን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ይሁን፤ አሁን ልሞት እችላለሁ።»

«አትቸኩይ አቦ፤ ገና ቀለም አልቀባሁትም።»

«አቦህን ድሬዳዋ ተው» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ይኸን ሁሉ ያበላሸሁት ያው በማሻሻል ነው። ያን ክረምት ዝናቡ ሲጀምር በአግዳሚዎቹ መካከል የሞላሁትን ጠጠር ጎርፉ ጠርጎ ታችኛው ጎረቤት ደጅ ጣለው። ሐዲዱ በአየር ላይ ቀረ። አፈሩን የሚይዝልኝ ነገር ፈልጌ ሰርዶ አመጣሁ። ከወንዝ ዳር በዶማ እየገመስኩ፣ በከረጢት እየተሸከምኩ፣ በእያንዳንዱ አግዳሚ መካከል ተከልኩት። የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ከማሳው ሰርዶ ሲነቅል ወገቡ የጎበጠ ሰው ነው። ሰርዶ አንዴ ከያዘ በሬም ሞፈርም እንደማይለየው ማንም የላስታ ሰው ያውቃል። እኔ ግን አርባ ዓመት ፉርጎ ሥር ተኝቼ ስለኖርኩ ሣር ሁሉ ሣር መሰለኝ።

«ሰርዶ በገዛ እጅህ ተከልክ?» አለ ጎረቤቴ። የእሱ እርሻ በሰርዶ ተወሮ በየዓመቱ እየተራገመ ያርሳል።

«ለውበት ነው።»

«ለውበት!» ዱላውን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። «በል እንግዲህ፤ እንዳይለቅህ ውሃ አጠጣው።»

ሰርዶው ያዘ። ግቢው አረንጓዴ ሆነ፤ ባቡሯ በሣር መካከል ስትሄድ አላፊ አግዳሚው አጥሩ ላይ ይቆም ጀመር። እኅቴም «አሁን ሰው የሚኖርበት መሰለ» አለች። በጋውን ሁሉ ጧፍ አመላለስኩላት። አንዲት ቁራጭ ሐዲድ ግን አንሥቼ አላየሁም፤ ለምን ብዬ?

በጋው ሲያልቅ ታመመች። መጀመሪያ እህል እምቢ አለች፤ ከዚያ እግሯ አበጠ። ጤና ጣቢያ ወስጃት የልብ ነው አሉኝ፤ መድኃኒት ሰጡን፤ እንዲያርፉ አድርጉ አሉ። ሰማንያን የተጠጋችን ሰው ከምን ላሳርፋት? አልጋዋን ወደ በሩ አዞርኩላት፤ ተኝታ ሙጃ ጣቢያን ታያለች። ሰኔ ገባ፤ ሰማዩ እንደ ጨለመ ይነጋል፣ እንደ ጨለመ ይመሻል። ጉሙ ከአሸተን ወርዶ አጥራችን ላይ ይተኛል። ተራራውም የለም፣ ፀሐይም የለም፣ ባቡርም የለም።

አንድ ከሰዓት ጎረቤቴ ሊጠይቃት መጥቶ ሲወጣ እጄን ይዞ አጥሩ ጋ ወሰደኝ። ለአንድ ጊዜ ሹፌር አላለኝም።

«ሐዲዱን አንሣው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለምን?»

መሬት መሬት አየ። «ዝናብ ነው። እንዳይዝግ።»

ገብቶኛል። እሱም እንደገባኝ ያውቃል። ግን አልጋዋ በሩን ፊት ለፊት ያያል። አንዲት መንጠቆ እንኳ ባላቅቅ ትሰማለች። ሐዲዱ ለምን እንደሚነሣ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ነኝ ያሳየኋት፣ እየሮጥኩ። እንዴት ብዬ ነው በዓይኗ ፊት ቦታ የማዘጋጅላት? አላነሣሁትም። እሷም አንሣው አላለችኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ራሷን ከትራሱ ቀና አድርጋ፦

«ዛሬ ባቡሯ አትወጣም?»

«ፀሐይ የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ትረፍ» አለች።

ጥቂት ቆይታ፣ አንድ ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት፣ አረፈች። የነፍስ አባታችን አጠገቧ ነበሩ። ጥሩምባው ተነፋ። ሰው ያን ዝናብ ምንም ሳይለው ከላይም ከታችም መጣ፤ አንዳንዱ ከእነ ጭቃው ከእርሻ የመጣ ነው። የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረትና ሸራ ተሸክመው በር ላይ ቆሙና ሜዳውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ችግር የለም» አልኳቸው። «ተነሺ ነው።»

በዚያ ሐዘን ውስጥ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ኮራሁ። ያን ሁሉ የሠራሁት ለዚች ሰዓት ነዋ! ወደ መጀመሪያዋ ቁራጭ ሄድኩ። መንጠቆዋ በሣር ተውጣለች፤ በጣቴ ፈልጌ አላቀቅኳት። ጎንበስ ብዬ ሳብኩ። አልነቃነቅ አለች። እግሬን አንፈራጥጬ እንደገና ሳብኩ። ሣሩ እጄ ላይ ቀረ፤ እኔ ጭቃው ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ፣ ዕድሩ በሙሉ እያየኝ።

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ሊያፍን ብሎ አስነጠሰ። ሙሾ የጀመረችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። እኔም ጭቃው ላይ እንደ ተቀመጥኩ ሳቅኩ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ምን እንደተለወጠ አላውቅም፤ የነፍስ አባታችን ብብቴን ይዘው አነሡኝ።

ሰርዶው ሐዲዱን ከመሬቱ ጋር ሰፍቶት ነበር። እያንዳንዱ አግዳሚ ሥር፣ እያንዳንዱ ሽቦ ዙሪያ፣ እንደ ክር ገብቶ ወጥቶ፣ ወጥቶ ገብቶ። ሰዎቹ ዶማ አመጡ። አምስት ስድስት ሆነው ቆፈሩ፤ ሐዲዱ ከአባታችን አፈር ጋር አብሮ እንደ ቆዳ ተገፈፈ። ሁሉን አንሥተው ድንኳኑን ሲተክሉ ሜዳው የሚታወቅ ሜዳ አልነበረም። የተገለበጠ አፈር፣ ዝናብ ያረፈበት፣ የብዙ ሰው እግር የፈተገው። እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አግዳሚ ወንበር ቢያስቀምጡ እግሩ ሰምጦ ወደ ጎን ያጋድላል።

ቀብረናት ስንመለስ ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ማን የት ይቀመጣል? ባልቴቶቹ አንዳቸው በአንዳቸው ተደግፈው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቆሙ። ንፍሮው በቁም ታደለ። ጥቂት ቆይተው አንድ ሁለት እያሉ «ነገ እንመጣለን፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» እያሉኝ ይወጡ ጀመር። እኅቴ የፈራችው አንድ ነገር ነበር፤ እሱ ሲሆን በር ላይ ቆሜ አየሁ። ጎረቤቴን በዓይኔ ፈለግኩት፤ የለም። እሱም ሄዷል ብዬ በልቤ ሰደብኩት። ሲቀልድ አንደኛ፣ ሲቸግር የለም አልኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩ ላይ አንድ ክምር ጭድ ቆመ። ከሥሩ ሁለት ጭቃ የለበሰ እግር ይታያል፤ ላዩ በላስቲክ ተሸፍኗል። ሰውየው ክምሩ ውስጥ ነው።

«አሳልፈኝ፣ ሹፌር፤ የት እንደምረግጥ አላይም» አለ ክምሩ።

ጭዱን ድንኳኑ መካከል ዘረገፈውና ተመልሶ ወጣ። ሌላ ሸክም ይዞ መጣ። ሴቶቹ በእጃቸው፣ በእግራቸው በተኑት። ደረቅ የገብስ ጭድ ነው፤ ሽታው ድንኳኑን ሞላው። ጊዜው ሰኔ ነው፤ የከረመው መኖ ያለቀበት፣ አዲሱ ሣር ገና ጥርስ የማይሞላበት፣ በሬ ደግሞ ቀን ከቀን የሚያርስበት። ከጭድ ማኖሪያው ጥግ የቀረውን ጠርጎ እንዳመጣው የገበሬ ልጅ ሆኖ የማያውቅ የለም። ይኸን እንኳ እኔም አወቅኩት።

«በሬዎችህስ?» አልኩት።

«ለቅሶ ላይ ናቸው» አለኝ።

ባልቴቶቹ መጀመሪያ ተቀመጡ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ወጥተው የነበሩትም ከመንገድ ተመለሱ። አንዷ «እማሆይ፣ ተቀመጥንልሽ እኮ» ብላ ሙሾዋን ጀመረች፤ እኔም ጭዱ ላይ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን አለቀስኩ። ሰዉ እንደ ወጉ ሦስት ቀን ገባ ወጣ፤ ማንም ቆሞ አልተመለሰም።

ድንኳኑ ሲፈርስ ጭዱ ጭቃ ሆኖ ነበር። ጎረቤቴ አንድ እፍኝ አነሣና አሸተተው፤ መልሶ ጣለው። በሬ የማይበላው ሆኗል። በዚያ ክረምት ከእርሻ ሲመለስ የበሬዎቹን ጎን ከአጥሩ ማዶ አያለሁ፤ የጎድን አጥንታቸውን ሐዲድ ላይ እንዳለ አግዳሚ መቁጠር ይቻላል። አልቆጠርኩም። ዞር አልኩ።

ሐዲዱ ያን ጊዜ እንደ ተነቀለ፣ አፈሩ ላዩ ላይ ደርቆ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሰርዶው ሜዳውን እንደገና ይዞታል። መልሼ ልዘርጋው አልዘርጋው እያልኩ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። ጧፍ የሚልክ የለም።

መኸር ሲገባ ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ኩልመስክ አካባቢ ያለ ዘመዴ አውድማ ሄጄ ጭድ ለመንኩና በአህያ አስጭኜ ጎረቤቴ በር ላይ አወረድኩት። ደረቴን ነፍቼ ነበር። ወጣና በዱላው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«የምንድነው?»

«የስንዴ።»

«እኔ የሰጠሁህ የገብስ ነበር።»

«ጭድ ጭድ አይደለም እንዴ አቦ?»

«ለበሬዬ ንገረው» አለኝ። «የገብስ በልቶ ያደገ ነው፤ እንግዳ ነገር አላምደው አልችልም። ና ግባ፣ ምሳ ቀርቧል።»

ምሳዬን በላሁና የስንዴውን ጭድ በዚያው አህያ ጭኜ ተመለስኩ። አህያዋ በላችው። የገብስ ጭድ ፍለጋ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ግን ራሱን ይነቀንቃል፤ ዘንድሮ ደጋውን ውርጭ መቶት ገብሱ ቁመት አልሰጠም፤ ያለውም ለራሱ ከብት አልበቃ ብሎታል።

ዛሬ ከቀብር አብረን ስንመለስ፣ ስለ ጠዋቱ ኮፍያዬ መንገድ ሙሉ ሲያላግጥብኝ ቆይቶ፣ በሩ ላይ ስንደርስ ድንገት ቆመ።

«ገብሱስ?»

«ውርጭ መታው።»

«ለከርሞ ነዋ» አለና ገባ።

ሁለት ሸክም የገብስ ጭድ አለብኝ።